ወንበሩን ከአጥንቱ ጀምሩ

በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ለአባላት የቀረበ ንግግር። ፈረቃ ሆኖባቸው ላልመጡት እንዲደርስ እንደተነገረ አትመነዋል።

ያለቻችሁን አንድ የዕረፍት ቀን ትታችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ መኪና የፊት ወንበር ነው። “ወንበር ደግሞ ምን ይወራለታል?” የሚል አይጠፋም። እሺ ሾፌሮች፣ እስቲ ቁጠሩት። በቀን አሥር፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ትነዳላችሁ። የምትተኙትስ ስንት ሰዓት ነው? ስድስት? እንግዲያው ከአልጋችሁ ይልቅ ወንበሩ ላይ ነው የምትኖሩት። ወገብ ሲያዝ ከሥራ መቅረት ይመጣል፤ ከሥራ የቀረ ሰው ደግሞ ለቤተሰብ የሚልከው ይጎድልበታል። እዚህ አገር ይዘነው የመጣነው ሀብት ጉልበታችን ነው፤ ጉልበት ደግሞ ያለ ወገብ የለም።

ከዚህ ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይበቃኛል፦ ያረጀ ወንበር የሚታደሰው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። ወንበር እንደ ሰው አጥንት፣ ጅማት፣ ሥጋና ቆዳ አለው። አጥንቱ ብረቱ፣ ጅማቱ ሞላው፣ ሥጋው ስፖንጁ፣ ቆዳው ልብሱ ነው። ዓይን የሚያየው ቆዳውን ብቻ ስለሆነ ብዙ ሰው ገንዘቡን እዚያ ላይ ያፈሳል። በሞተ ስፖንጅ ላይ አዲስ ሌዘር ማልበስ ግን የታመመን ሰው ሱፍ እንደማልበስ ነው። ለፎቶ ያምራል፤ ለወገብ ግን ያው ነው።

ወንበሩ መሞቱ በምን ይታወቃል?

እዚህ መሪው በግራ ስለሆነ የሾፌሩ ወንበር ቀድሞ የሚያልቀው በበሩ በኩል፣ በግራ ጠርዙ ነው። በወጣችሁና በገባችሁ ቁጥር ያንን ጠርዝ ትጫኑታላችሁ። ጠርዙ ሲሰምጥ ሰውነታችሁ ወደ በሩ ያዘነብላል፤ አከርካሪያችሁ ቀኑን ሙሉ ተጣሞ ይውላል። ሌላው ምልክት፣ ስትቀመጡ ሞላው ከታች ይቆረቁራችኋል። ወንበሩ ሥር ምንጣፉ ላይ ቢጫ ዱቄት የመሰለ ነገር ካያችሁ ደግሞ እሱ ስፖንጁ ነው፤ ሙቀትና ላብ ፈጭቶታል።

ትራስ መደረብ መፍትሔ አይደለም። ትራስ ይንሸራተታል። ፍሬን በኃይል ሲያዝ ሰውነታችሁ ከቀበቶው ሥር ሾልኮ ሊሄድ ይችላል።

ከመፍታታችሁ በፊት

አንደኛ፣ መኪናው የአሠሪ ወይም የድርጅት ከሆነ ፈቃድ ጠይቁ፤ በዋትሳፕም ቢሆን በጽሑፍ ይሁን። አንድ ብሎን ሳትነኩ ፎቶ አንሱ። ነገ “ወንበሬን አበላሸህ” ተብሎ ከደመወዝ እንዳይቆረጥባችሁ ነው።

ሁለተኛ፣ በመደገፊያው ጎን ላይ “ኤርባግ” የሚል ምልክት ካለ ወንበሩን ለሚያውቅ ባለሙያ ስጡ። የእንዲህ ዓይነቱ ወንበር ልብስ ኤርባጉ ሲፈነዳ እንዲቀደድለት ተብሎ በልዩ ስፌት ነው የሚሠራው። ላዩ ላይ ተራ ልብስ ከደረባችሁበት ይታፈናል። እኔ የማወራው ወንበሩ ውስጥ ኤርባግ ስለሌለው አሮጌ መኪና ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር የ1990ዎቹን መጀመሪያ ኮሮላ አስቡ። ያም ሆኖ የባትሪውን ነጌቲቭ መፍታት ጥሩ ልማድ ነው።

ሦስተኛ፣ ጥላ ያለበት ክፍት ቦታ ፈልጉ። በኤምሬትስ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6፡30 እስከ 9 ሰዓት፣ በፀሐይ ሥር ማሠራት በሕግ የተከለከለ ነው። ለአሠሪ የተከለከለውን እናንተ በራሳችሁ ላይ አታድርጉት። በተዘጋ ክፍል ውስጥም አትሥሩ፤ ማስቲሽ ጭንቅላት ያዞራል፣ እሳትም ይጠራል። ሲጋራ አይጨስ፤ ከሰል ያለበት ቡናም አጠገቡ አይፈላ።

አፈታቱ

አብዛኛው ወንበር በአራት ብሎን ነው የታሰረው፤ ለብዙዎቹ ቶዮታዎች 14 ቁልፍ ይበቃል። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍታችሁ የፊቶቹን ሁለት ፍቱ፤ ከዚያ ወደ ፊት ስባችሁ የኋላዎቹን። ከሥር የቀበቶ ሽቦ ካለ ሶኬቱን ንቀሉ። የበሩ ደፍ ላይ ብርድ ልብስ አንጥፉና ለሁለት ሆናችሁ አውጡት፤ ብቻውን የሚያነሳ ሰው ወገቡን ለማዳን ብሎ ወገቡን ይሰብራል።

ልብሱ ከስፖንጁ ጋር የተያያዘው በትንንሽ የሽቦ ቀለበቶች ነው። በፒንሳ ቁረጧቸው። በልብሱ ውስጥ የተሸጎጡትን ቀጭን ዘንግ ሽቦዎች ግን እንዳትጥሉ፤ ለአዲሱ ልብስ ያስፈልጋሉ። መደገፊያው የሚተኛበት ቦታ ላይ ያለው ጠንካራ ሞላ ተወጥሮ ነው የሚቀመጠው፤ ካልተበላሸ አትንኩት፤ ቢያመልጥ ጣት ይቆርጣል።

አጥንትና ጅማት

አሁን ብረቱ ራቁቱን ቀርቷል። ብየዳ ያለበትን ጥግ ሁሉ በባትሪ ብርሃን እዩ። ዝገት ካለ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ፍቁ፤ ከዚያ የዝገት መከላከያ ቀለም ቀቡ። ስንጥቅ ካለ ግን በራሳችሁ አትበይዱት። በግጭት ጊዜ የሚይዛችሁ ይህ ብረት ነው። ሻርጃ ኢንዱስትሪ አካባቢ ካሉት የአሮጌ ዕቃ ግቢዎች ደህና ብረት ያለው ወንበር ገዝቶ መቀየር ይሻላል። ወንበሩ የሚሄድበትን ሐዲድ አጽዱና ግራሶ ቀቡት።

ሞላዎቹ ከጫፋቸው ወጥተው እንደሆነ ወደ ቦታቸው መልሱ፤ የተሰበረውን ቀይሩ። ከዚያ በሞላውና በስፖንጁ መካከል ወፍራም ጨርቅ ወይም ንጹሕ ጆንያ አንጥፉ። ይህቺ ጆንያ ርካሽ ናት፣ ግን ሥራዋ ትልቅ ነው፤ እሷ ከሌለች ሞላው አዲሱን ስፖንጅ እየበላ ይጨርሰዋል።

ሥጋው

ለፍራሽ የሚሆነውን ለስላሳ ስፖንጅ አትግዙ። ሱቅ ስትሄዱ በአውራ ጣት ተጭናችሁ ልቀቁት፤ ጠንከር ብሎ ቶሎ የሚመለሰውን ውሰዱ። የድሮው ስፖንጅ መሃሉ ደህና ሆኖ ጠርዙ ብቻ ካለቀ ሁሉንም መጣል የለም። ያለቀውን ክፍል ጥርስ ባለው የዳቦ ቢላዋ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡና በልኩ አዲስ ተኩበት። ማስቲሹን በሁለቱም ፊት ቀቡ፤ ጣት ላይ መጣበቅ እስኪያቆም ጠብቁ፤ ከዚያ ግጠሙት። አንዴ ከያዘ አይለቅም፤ ስለዚህ ከመግጠማችሁ በፊት ቦታውን ለኩ።

ልብሱን ሳታለብሱ ስፖንጁን ብረቱ ላይ አድርጋችሁ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ተቀመጡበት። ወዴት ታዘነብላላችሁ? ምን ይቆረቁራችኋል? አሁን መላጥ፣ መጨመር ይቻላል፤ ከተሰፋ በኋላ ግን አይቻልም። አብዝታችሁ እንዳትጨምሩም፤ ጭንቅላት ጣሪያ ይነካል።

ቆዳው

አሮጌው ልብስ ለአዲሱ ልክ ነው። ስፌቱን ከመፍታታችሁ በፊት በየአንድ ጣት ርዝመት ስፌቱን የሚያቋርጥ ምልክት በእስክሪብቶ አድርጉ። በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ “ግራ”፣ “ቀኝ”፣ “ላይ” ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ በምላጭ ፍቱ። ቁራጮቹን አዲሱ ጨርቅ ላይ ዘርግታችሁ በጠመኔ ክበቧቸው፤ የድሮው የስፌት ትርፍ ያለቀ ከሆነ አንድ ሳንቲሜትር ጨምሩ።

ለዚህ አገር ሙቀት የምመክረው መሃሉ ጨርቅ፣ ጠርዙ ሌዘር እንዲሆን ነው። መሃሉ ይተነፍሳል፤ ጠርዙ መውጣት መግባቱን ይችላል። ክሩ ወፍራም ፖሊስተር ይሁን፤ ፀሐይን ከናይለን ይልቅ ይቋቋማል። የቤት ስፌት መኪና ለወፍራም ሌዘር አቅም የለውም። ስፌት የምትችሉ እህቶች መካከላችን አላችሁ፤ ይህ የወንድ ሥራ ብቻ አይደለም፤ እንዲያውም ከባዱ ክፍል የእናንተው ሙያ ነው። ከባድ መኪና ከሌለ የተቆረጠውን ለሰፊ ወስዳችሁ የስፌቱን ብቻ መክፈል ትችላላችሁ።

ሲለበስ አዲሱን ልብስ ትንሽ ፀሐይ ላይ አስጡት፤ ይለሰልሳል። ስፖንጁ ላይ ስስ ፌስታል ጣል ብታደርጉበት ልብሱ ተንሸራቶ ይገባል። ከመሃል ጀምራችሁ ወደ ጠርዝ እየሳባችሁ እሰሩ። የሽቦ ቀለበት ከሌለ የፕላስቲክ ማሰሪያ ይሠራል።

ወንበሩን ስትመልሱ አራቱንም ብሎን መጀመሪያ በእጅ አስይዙ፤ ከዚያ አጥብቁ። ወደፊት ወደኋላ ግፉት፤ በሁለቱም በኩል “ቀጭ” ብሎ መያዙን አረጋግጡ። ቀበቶውን ሞክሩ። ይህ ሳይረጋገጥ መኪናው አይነሳ።

ለሱቅ ከሰጣችሁ

ጊዜ የሌለው ለሱቅ ይሰጣል፤ ነውር የለውም። ብቻ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት “ስፖንጁም ይቀየራል ወይስ ልብሱ ብቻ?” በሉ። “ከመልበሱ በፊት ስፖንጁንና ሞላውን አሳዩኝ” በሉ። “አሮጌውን መልሱልኝ” በሉ። እነዚህን የጠየቀ ሰው በቀላሉ አይታለልም።

ሌላም ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሙያው ሲገባችሁ ሰው “ለእኔም ሥራልኝ፣ እከፍላለሁ” ይላችኋል። ያለ ሥራ ፈቃድ ከአሠሪያችሁ ውጭ ለክፍያ መሥራት እዚህ በሕግ ያስጠይቃል። በሃምሳ ድርሃም ቪዛችሁን አትሽጡ። ለራሳችሁ ሥሩ፣ እጃችሁን አፍታቱ፤ ፈቃዱ ያላችሁ ደግሞ በፈቃዳችሁ ሥሩ።

ሙያው አገር ቤትም ይጠብቃችኋል። የእኛ አገር መኪና ብዙው አሮጌ ነው፤ ዲኤክስ ዛሬም ይሄዳል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስለወሰነ ያሉት አሮጌ መኪኖች ገና ብዙ ዘመን ይጠገናሉ። የታፒሴሪ ሙያ ይዞ የተመለሰ ሰው ባዶ እጁን አልተመለሰም።

በሉ እንግዲህ፣ ወንበራችሁ የሚቆረቁራችሁ ስማችሁን ለጸሐፊያችን አስመዝግቡ። አንድ የቁልፍ ስብስብ፣ ሁለት ፒንሳና አንድ የሽቦ ብሩሽ በጋራ ቢኖረን ለሁላችንም ይበቃል። የመጀመሪያውን ወንበር አብረን እንፍታ። ወገባችሁን ይጠብቅልን።