የደም ካንሰር ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል?

(የስፌት መኪና ድምፅ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል)

አቅራቢ፦ በመቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ የሚሰፉ ወጣቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው ይውላሉ። አንዷ ሉኬሚያ፣ ማለትም የደም ካንሰር ቢይዛት፣ አጠገቧ ያለችው ልትሰጋ ይገባል? አይገባም። ሉኬሚያ በትንፋሽም፣ በመጨባበጥም፣ አብሮ በመብላትም አይተላለፍም።

ታዲያ ተመራማሪዎች ከሉኬሚያ ጀርባ ቫይረስ ሲፈልጉ ለምን ኖሩ? ነገሩ ከዶሮ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1908 ኤለርማን እና ባንግ የተባሉ ዴንማርካውያን የዶሮ ሉኬሚያ ሴል በሌለበት ፈሳሽ እንደሚተላለፍ አሳዩ፤ ይህም ከሴል ያነሰ ነገር፣ ማለትም ቫይረስ፣ ከበሽታው ጀርባ እንዳለ ጠቆመ። በሰው ላይ መልሱን ለማግኘት ግን 70 ዓመት ያህል ፈጀ። በ1977 የጃፓን ሐኪሞች ያልተለመደ ሉኬሚያ መዘገቡ፤ ብዙዎቹ ታማሚዎች ከኪዩሹ ደሴት ነበሩ። በ1980 አሜሪካዊው ሮበርት ጋሎና ባልደረቦቹ ኤችቲኤልቪ-1 የተባለውን ቫይረስ ይፋ አደረጉ። ጃፓኖችም ቫይረሱን ከዚያ በሽታ ጋር አገናኙት።

ቫይረሱ ቲ ሴል በተባለው ነጭ የደም ሴል ዘረመል ውስጥ ገብቶ ለአሥርት ዓመታት ያደፍጣል። የሚተላለፈው በጡት ወተት፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በደም ነው። ሆኖም ቫይረሱ ካለባቸው 100 ሰዎች ይህ ካንሰር የሚይዛቸው 5 ቢሆኑ ነው።

አብዛኛው ሉኬሚያ ደግሞ ከዚህ ቫይረስ ጋር አይገናኝም። እናም የታመመችውን ባልደረባ መጠየቅ እንጂ መሸሽ አያስፈልግም። የማይለቅ ትኩሳት፣ ድካም ወይም ያለምክንያት መድማት ካያችሁ ግን ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት ሂዱ።