በ«ቀደር» የምንሸፍነው ሐቅ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። 

ብዙዎቻችን እንዲህ ያለ ለቅሶ ላይ ተቀምጠናል። ለመውለድ ሐኪም ቤት የገባች እህት ሌሊቱን ደም ሲፈስሳት ማንም ሳያያት ይነጋና ጀናዛዋ ይወጣል። ባል «ምን ሆና ነው?» ብሎ ሲጠይቅ «ቀደር ነው፣ ሶብር አድርግ» እንለዋለን።

በቀደር ማመን ከኢማን መሠረቶች አንዱ ነው። ሆኖም ቀደር የሰውን ሐቅ አይሰርዝም። ቁርኣን በሱረቱ ኒሳእ አንቀጽ 92 በስሕተት ለተገደለ ሙእሚን ቤተሰብ ዲያ እንዲከፈል ደንግጓል፤ እነርሱ ይቅር ካላሉ በቀር። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ሕክምና ሳያውቅ የሚያክም ሰው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን አስተምረዋል።

ሐኪሞችንም አንበድል። ኢብኑል ቀዪም «ዛዱል መዓድ» በተሰኘው ኪታባቸው እንዳብራሩት፣ ሙያው የሚጠይቀውን ያሟላና እጁ ያልሳተ አዋቂ ሐኪም በሽተኛው ቢሞትም አይጠየቅም። ስለዚህ ጥያቄያችን «ለምን ሞተች?» ሳይሆን «የሚገባት ተደርጎላት ነበር ወይ?» ይሁን።

በአገራችንም በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ጥፋት የሠራ ሐኪም እንዲክስ ያዛል። የትዳር ጓደኛ፣ ወላጆችና ልጆች በሞቱ ምክንያት ለደረሰባቸው ጉዳት ካሳ መጠየቅ ይችላሉ። ክሱ በመርሕ ደረጃ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ለሕሊና ጉዳት የሚከፈለው ግን ከ1,000 ብር አይበልጥም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 ደግሞ በቸልተኝነት ሰው በገደለ ሐኪም ላይ ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራትና የገንዘብ መቀጮ ይጥላል።

ጀናዛን ማፋጠን ሱና ነው። የሞቱ ምክንያት ሲያጠራጥር ግን ማስረጃው አብሮ እንዳይቀበር እንጠንቀቅ። በ1987 (እ.ኤ.አ) መካ የተሰበሰበው የዓለም ሙስሊም ሊግ የፊቅህ ጉባኤ፣ በወንጀል ጉዳይ የሞትን ምክንያት ለማወቅ የአስከሬን ምርመራን ፈቅዷል።

ወንድሞችና እህቶች፣ ይቅርታ ታላቅ አጅር አለው። ይቅር የምንለው ግን የሆነውን ካወቅን በኋላ፣ ከራሳችን ድርሻ ነው። የየቲሞቹን ድርሻ በይሉኝታ ልንምርላቸው ሥልጣን የለንም። የሕክምና ወረቀቶቹን እንያዝ፣ በአደብ እንጠይቅ፣ ሕግ ዘንድ እንቅረብ። ለባልየው «ሶብር አድርግ» ካልነው በኋላ፣ ሐቁን ሲጠይቅም አብረነው እንቁም።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።