መኪናው ሲያረጅ አገልግሎቱ እንዳያረጅ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላት የቀረበ ንግግር)





በዓል ሲከበር ስለ ተሠራው መጋዘን፣ ስለ ተከፋፈለው ትርፍና ስለ አባላት ቁጥር ማድነቅ የተለመደ ነው። የዛሬው ንግግር ግን በዩኒየኑ ግቢ ከዛፉ ሥር ስለ ቆመችው አሮጌ መኪና ነው። ነጭ ላንድክሩዘር ናት። ከኋላ ፊት ለፊት የሚተያዩ አግዳሚ ወንበሮች አሏት፤ በተለምዶ ሃርድቶፕ ትባላለች። ቀለሟ ለቋል፤ የግራ በሯ የሚከፈተው ከውጭ ብቻ ነው። ቢሆንም የጂንካ ሰው ሳያያት በድምፅዋ ብቻ ያውቃታል። በእርሷ ምትክ ምን ይገዛ የሚለው ጥያቄ ለጠቅላላ ጉባኤው ሊቀርብ ነው። ጉዳዩ ቀላል መስሎ ቢታይም የአባላት ገንዘብ፣ የአባላት ዘርና አንዳንዴም የአባላት ሕይወት ያለበት ነው።

መኪናዋ የተወደደችው በመልኳ አይደለም። በበልግ ዝናብ ምርጥ ዘር ጭና ወደ አሪ ደጋ ቀበሌዎች ወጥታለች። ኮረሪማና ቡና ለገዢ ከመቅረቡ በፊት ናሙናውን አምጥታለች። ሐሙስ በቀይ አፈር ገበያ፣ ቅዳሜ በዲመካ፣ ሰኞ በቱርሚ የገበያ ዋጋ የሚሰበስበውን ባለሙያ አድርሳለች። ሌሊት ምጥ የጠናባትን እናት ከተራራ አውርዳ ወደ ጂንካ ሆስፒታል ወስዳለች። በዚህ የተነሳ ገበሬው «እርሷ እኮ አባል ናት» ይላል፤ ሲቀልድም አይደለም።

ይሁን እንጂ ፍቅር አንዳንድ ነገር ይሸፍናል። ስለ መኪናዋ በተደረገ አንድ ውይይት ላይ ከአሪ የመጡ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ለዩኒየኑ ሒሳብ ሠራተኛ እንዲህ አሏት፦

«ልጄ፣ በዚያች ምትክ ሌላ ስትገዙ የቢሮ መኪና እንዳትገዙ። የቢሮ መኪና ጭቃ ሲያይ ይመለሳል።»

«ልክ ነዎት አባባ» አለች ሒሳብ ሠራተኛዋ። «ግን እርሷም እኮ ባለፈው በልግ ሁለት ጊዜ ጋራዥ ገብታለች። አንዴ በፍሪሲዮን፣ አንዴ በራዲያተር። ዘሩን ያመጣነው ዘግይተን በኪራይ መኪና ነው።»

«የእኛ ቀበሌ ዘር የዘገየው ለዚያ ነው?»

«አዎ አባባ፣ ለዚያ ነው።»

ሽማግሌው ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም «እንግዲያው የምትገዙትን መኪና መጀመሪያ እኛ ቀበሌ ድረስ ነድታችሁ አሳዩን» ብለው ተቀመጡ።

ከዚህ በመነሳት የዛሬው ንግግር አንድ ነጥብ ላይ ያተኩራል። ሰው የወደደው ብረቱን ሳይሆን መድረሱን ነው። ስለዚህ ምትክ ሲመረጥ መለኪያው የመኪናው ስም ወይም ውበት ሳይሆን በሚፈለግበት ቀን የሚፈለግበት ቦታ መድረሱ መሆን ይኖርበታል።

ዛሬ የምትወደደው ላንድክሩዘር ራሷ የሌላ ተወዳጅ ምትክ መሆኗን ማስታወስ ይጠቅማል። ለረጅም ዘመን በገጠር ኢትዮጵያ የመስክ መኪና ማለት ላንድሮቨር ነበር። ላንድሮቨር በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1948 ለገበያ የቀረበ ሲሆን፣ ከጦርነቱ በኋላ ብረት ስላጠረ አካሉ የተሠራው በአመዛኙ ከአሉሚኒየም ነው። ቶዮታ በበኩሉ 40 የሚባለውን የላንድክሩዘር ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1960፣ እሱን የተካውን 70 የሚባለውን ደግሞ በ1984 አወጣ። የመስክ ሠራተኛው ከላንድሮቨር ወደ ላንድክሩዘር ሲሻገር አሮጌውን ጠልቶ አልነበረም፤ አዲሱ ሥራውን ስለ ሠራለት ነው። የቀድሞው ላንድሮቨር ዲፌንደር ምርት እ.ኤ.አ. በጥር 2016 ቆመ። እ.ኤ.አ. በ2019 በዚያው ስም የቀረበው አዲስ መኪና ግን ሻንሲው፣ አሠራሩና አጠጋገኑ ፈጽሞ ሌላ ነው። ስም ስለ ቀጠለ አገልግሎቱም ይቀጥላል ማለት አይቻልም።

ለመሆኑ አማራጮቹ የትኞቹ ናቸው? ያልተገላበጠ ያራል እንደሚባለው እያንዳንዱን አገላብጦ ማየት ያስፈልጋል።

አንደኛው አማራጭ አሮጌዋን ሞተር አስወርዶ ማደስ ነው። ይህ የሚናቅ ሐሳብ አይደለም። በብዙዎቹ ሃርድቶፖች ላይ የሚገኘው 4.2 ሊትር ባለ 6 ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር በኮምፒዩተር የሚታዘዝ አይደለም፤ የነዳጅ ፖምፓው በሜካኒክ መንገድ የሚሠራ ነው። ጆሮው የሠለጠነ መካኒክ ያለ ልዩ መሣሪያ ችግሩን ያገኘዋል። ሆኖም ሞተር ቢታደስ ሻንሲው አይታደስም። ባሌስትራ፣ ፍሬን፣ መሪና የዛገ ወለል ተራ በተራ ገንዘብ ይጠይቃሉ። ለማደስ ከመወሰን በፊት ገለልተኛ መካኒክ ከሥር ገብቶ ሻንሲውን ማየትና ያየውን በጽሑፍ መስጠት ይኖርበታል።

ሁለተኛው አማራጭ አዲስ ወይም አነስተኛ ዕድሜ ያለው የናፍጣ ፒክአፕ ወይም ስቴሽን ዋገን መግዛት ነው። አዲሶቹ የናፍጣ ሞተሮች ነዳጅ ይቆጥባሉ። ለምሳሌ አሮጌዋ በ100 ኪሎ ሜትር 14 ሊትር፣ አዲሱ ደግሞ 10 ሊትር ቢፈጁ፣ በዓመት 20,000 ኪሎ ሜትር ለሚጓዝ ዩኒየን ልዩነቱ 800 ሊትር ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የእነዚህ ሞተሮች ኢኔቶሬዎች እጅግ ረቂቅ ስለሆኑ ውኃና ቆሻሻ የገባበት ናፍጣ ፈጥኖ ያበላሻቸዋል። በበርሜል ተቀድቶ በጀሪካን የሚሞላ ነዳጅ ለአሮጌዋ ጉንፋን ቢሆን ለአዲሱ የሳንባ ምች ነው። ብልሽቱን የሚያነብ የኮምፒዩተር መሣሪያ በጂንካ ካልተገኘ መኪናው ተጭኖ ወደ አርባ ምንጭ፣ ካልሆነም ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። የ800 ሊትር ቁጠባ በአንድ እንዲህ ዓይነት ጉዞ ሊያልቅ ይችላል።

ሦስተኛው አማራጭ የኤሌክትሪክ መኪና ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ኤሌክትሪክ ካልሆኑ በስተቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንደማይገቡ ካስታወቀ ወዲህ ይህን አማራጭ ሳይመለከቱ ማለፍ አይቻልም። ደግሞም ነዳጁ የአገር ውስጥ ነው። በኦሞ ወንዝ ላይ የተሠራውና በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ጊቤ 3 የማመንጨት አቅሙ 1,870 ሜጋ ዋት ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ዘይት አይቀየርለትም፤ ፍሪሲዮን የለውም፤ ኢኔቶሬም የለውም።

ስሌቱን ግን በደቡብ ኦሞ መንገድ መሥራት ያስፈልጋል። 60 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ያለው፣ በ100 ኪሎ ሜትር 20 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚፈጅ መኪና በጥሩ አስፋልት 300 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ከጂንካ ቱርሚ ደርሶ መልስ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አሸዋው፣ ዳገቱ፣ ጭነቱና ሙቀቱ ሲታከሉ ቀሪው ጥቂት ነው። በመንገድ ላይ ቢያልቅ በተራ ሶኬት በሰዓት 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ስለሚሞላ፣ 10 ሰዓት ተሰክቶ የሚያድር መኪና የሚያገኘው የ100 ኪሎ ሜትር ጉዞ ብቻ ነው፤ ያውም መብራት ካልጠፋ። ስለዚህ የኤሌክትሪክ መኪና ለከተማ ሥራና ለአስፋልቱ ጉዞ ሊታሰብ ይችላል። በማጎ በኩል ወደ ሃና ለሚወርደው፣ በክረምት መረሬ ለሚይዘው ሥራ ግን ዛሬ ብቻውን አይበቃም።

አራተኛው አማራጭ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነው፤ አንዱን መኪና በአንድ መኪና አለመተካት። አሮጌዋ ሦስት ሥራ ደርባ ትሠራ ነበር፤ ዕቃ ትጭናለች፣ ባለሙያ ታመላልሳለች፣ ሰው ታድናለች። ዕቃው የአይሱዙ ሥራ ነው። አንድ አይሱዙ በአንድ ጉዞ የሚጭነውን ማዳበሪያ ሃርድቶፕዋ በብዙ ምልልስ ነው የምታደርሰው። ዋጋ ለመጠየቅና መዝገብ ለማየት አንድ ባለሙያ ብቻውን የሚሄድበት ጉዞ በሞተር ብስክሌት ይሠራል። እነዚህ ሁለቱ ከላይዋ ከተነሱላት የመስክ መኪናዋ በዓመት የምትጓዘው ኪሎ ሜትር ይቀንሳል፤ ዕድሜዋም ይረዝማል። ምናልባትም የሚፈለገው ትልቅና ውድ መኪና ሳይሆን መካከለኛ፣ በአራቱም ጎማ የሚጎትት ደብል ጋቢና ፒክአፕ ሆኖ ይገኛል።

የትኛውም አማራጭ ቢመረጥ የግዢ ኮሚቴው ለሚከተሉት ጥያቄዎች በጽሑፍ መልስ ይዞ መቅረብ ይገባዋል፦

1. መኪናው ባለፈው ዓመት ከተደረጉት ጉዞዎች ስንቱን መሥራት ይችላል? ለዚህ የሾፌሩ የጉዞ መዝገብ ከማንኛውም የሻጭ ወረቀት የተሻለ ምስክር ነው።

2. ጂንካ ውስጥ ማን ይጠግነዋል? የነዳጅ ማጣሪያ፣ የፍሬን ሸራ፣ ጎማና ባሌስትራ በስንት ቀን ይገኛል?

3. ሊብሬው ንጹሕ ነው? ቀረጥና ታክሱ ተከፍሏል? አሁን ባለው መመሪያ መሠረት ስም ማዛወር ይቻላል?

4. ከመግዣው ዋጋ ሌላ የ5 ዓመት ነዳጅ፣ ጎማ፣ መድን፣ ጥገናና ሲሸጥ የሚያወጣው ገንዘብ ተደምሮና ተቀንሶ የአንዱ ኪሎ ሜትር ወጪ ስንት ነው?

5. ሁሉም ተሳፋሪ ቀበቶ አለው? በአሮጌዋ አግዳሚ ወንበር ላይ ሰው፣ ማዳበሪያና የተባይ መድኃኒት አብረው የተጫኑበት ጊዜ አለ። አደጋ ስላልደረሰ ትክክል ነበር ማለት አይደለም።

6. መኪናውን ማን ያዝዛል? በበዓል ቀንና በቅዳሜ ምሽት የት ያድራል? ሌሊት ሕመምተኛ ቢመጣ ማን ይፈቅዳል?

የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል። አሮጌዋ አሮጌ በመሆኗ ማንም ለክብሩ አልተመኛትም፤ ለሥራ ቀረች። አዲስ መኪና ሲመጣ ግን የመስክ መኪናነቱ ቀርቶ የኃላፊ መኪና እንዳይሆን ያሰጋል። የኅብረት ሥራ ማኅበር የበላይ አካል ጠቅላላ ጉባኤው እንደመሆኑ፣ ከግዢው ጋር የአጠቃቀም ደንብም አብሮ ማጽደቅ ይኖርበታል። በደንቡ ላይ የዘር ወቅት ቅድሚያ፣ የሕመምተኛ ጉዳይና የጉዞ መዝገብ አያያዝ በግልጽ ይጻፉ።

አሮጌዋስ? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። በፍቅር ብቻ ግቢ ውስጥ አቁሞ ዝገት ማስበላት ለማንም አይበጅም። ሻንሲዋ ጤነኛ ከሆነ ታድሳ ለዝናብ ወቅት ተጠባባቂ ትሁን። ካልሆነ ግን በግልጽ ጨረታ ተሽጣ ገንዘቧ ለምትኳ ይዋል፤ ወይም ሞተሯ ለቴክኒክና ሙያ ተማሪዎች መማሪያ ይሰጥ። አዲሱን መኪና ወደፊት የሚጠግነው መካኒክ ከእነዚያ ተማሪዎች መካከል ሊወጣ ይችላል።

በመጨረሻም ክፍያ ከመጠናቀቁ በፊት አንድ የሙከራ ጉዞ ይደረግ። በአስፋልቱ ወደ ቀይ አፈር፣ ከዚያም በዲመካ በኩል ወደ ቱርሚ ይወረድ፤ የካስኬን አሸዋም ይየው። በማግስቱ ሙሉ ጭነት ይዞ ወደ አሪ ደጋ ይውጣ። መሪውን የዩኒየኑ ነባር ሾፌር ይያዝ፤ ከጎኑም ዘር የዘገየባቸው ሽማግሌ ይቀመጡ። ቀበሌያቸው ደርሶ ሲቆም የእሳቸው አስተያየት በቃለ ጉባኤው ይመዝገብ።

መልካም በዓል ይሁን።