የክረምቱን ካርታ ስለ ማንበብ
(በተማሪዎች ኅብረት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ወደየቤታችን በገባን ቁጥር ዘመድ ስልኩን አውጥቶ «እናንተ የተማራችሁ፣ ይህ ሥዕል ምን ይላል?» ይለናል። ሥዕሉ የክረምቱ ዝናብ ትንበያ ካርታ ነው። ጠያቂው ዘሩን ገና አልመረጠም፤ ለማዳበሪያ ይበደር አይበደር አልቈረጠም። ስለዚህ መልሳችን እንደ ጨዋታ የሚታይ አይደለም።

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በየወቅቱ መግቢያ ትንበያ ያወጣል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ያለፉት 30 ክረምቶች በዝናባቸው መጠን ተሰልፈው ከሦስት ይከፈላሉ፤ 10ሩ «ከመደበኛ በላይ»፣ 10ሩ «መደበኛ»፣ 10ሩ «ከመደበኛ በታች» ይባላሉ። ምንም ፍንጭ የሌለው ሰው ለእያንዳንዱ ከመቶ 33 እጅ ይሰጣል። እንግዲህ ለደቡብ ጎንደር 45፣ 35፣ 20 ተጻፈ እንበል። በተለመደው አሠራር አገሩ አረንጓዴ ይቀባል፤ ተመልካቹም «ዘንድሮ ዝናቡ ይበዛል» ብሎ ይሄዳል። ካርታው ግን ይህን አላለም። ዝናቡ ከመደበኛ በላይ የማይሆንበት ዕድል 55 እጅ ነው፤ ከግማሽ ይበልጣል! ቀለሙ ቁጥሩን ዋጠው ማለት ነው።

ነገሩ ሲበላሽ «ገበሬው አልገባውም» ማለት የኛ የተማርን ሰዎች ልማድ ነው። እኛ ግን አንቀበለውም። ዕቁብ የገባ ሰው ዕጣ ምን እንደ ሆነ ከማንኛችንም ይልቅ ያውቃል፤ የጎደለው በዕጣ ቋንቋ የሚነግረው ነው።

ደግሞስ አረንጓዴ ለማን ነው መልካም? ርብና ጉማራ ሁለቱም ከጉና ተነሥተው ወደ ፎገራ ሜዳ ይወርዳሉ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ፎገራ በጎርፍ እንደ ተጥለቀለቀ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ለፎገራ ሰው «ከመደበኛ በላይ» ከብቱን ወደ ዳገት እንዲያወጣ የሚያስጠነቅቅ ቃል ነው፤ ለእብናትና ለታች ጋይንት ግን የምሥራች ነው። በደብረ ታቦር ደጋ «ከመደበኛ በታች» የሆነ ክረምት እንኳ ገብሱን ሊያደርስ ይችላል። ይህ ሁሉ አገር በካርታው ላይ አንድ ቀለም ነው።

ወሩም ሌላ ችግር ነው። «ጁን» የሚጀምረው ግንቦት 24 ነው፤ «ሴፕቴምበር» የሚያልቀው መስከረም 20 ነው። ከሥዕሉ ግርጌ ሰኔ ሚካኤል፣ ቡሄ፣ መስቀል ተብሎ ቢጻፍ አንድ ሰው አይጠፋበትም ነበር።

ስለ ዓለም ሙቀት የሚሣለው መስመርም ከዚሁ ይቈጠራል። እ.ኤ.አ. በ2024 ሙቀቱ ፋብሪካ ሳይስፋፋ ከነበረው በ1.55 ዲግሪ ገደማ መብለጡን የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት አስታውቋል። በደብረ ታቦር የማለዳውና የቀትሩ ልዩነት ብቻ ከዚህ ብዙ እጥፍ ነው። የመላው ዓለምና የመላው ዓመት አማካይ መሆኑ ካልተነገረው፣ ባላገሩ «ለዚች ነው?» ቢል አይፈረድበትም።

እነሆ፣ በዚህ ሰፌድ ላይ 20 ቁራጭ ወረቀቶች አሉ፤ 9ኙ «የበዛ»፣ 7ቱ «መካከለኛ»፣ 4ቱ «ያነሰ» የሚሉ ናቸው። ይኸውም ያው 45፣ 35፣ 20 ነው። ስትወጡ አንድ አንድ እያነሣችሁ እዩ፤ ካያችሁ በኋላም ለሚቀጥለው ሰው መልሱት።