ቫይታሚን ዲ እና የሰውነት ስብ፦ ምክንያቱ የትኛው፣ ውጤቱስ የትኛው ነው?



ክብደታቸው ከፍ ያለ ጎልማሶች ደማቸው ሲመረመር የቫይታሚን ዲ መጠናቸው ከሌሎቹ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ይህ በልዩ ልዩ አገሮች ተደጋግሞ የታየ በመሆኑ አያከራክርም። የሚያከራክረው ትርጓሜው ነው። ብዙዎች፣ አንዳንድ የጤና ባለሙያዎችም ጭምር፣ «ቫይታሚኑ ስላነሰ ወፈሩ፤ ቢወስዱት ይቀንሳሉ» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ምክንያቴንም ላስረዳ።

ቫይታሚን ዲን በአብዛኛው የምናገኘው ከምግብ ሳይሆን ከፀሐይ ነው። በቆዳ የተሠራውን ጉበት ይለውጠዋል፤ ኩላሊት ደግሞ ከጉበት የተቀበለውን ሥራ ወደሚሠራ ሆርሞን ይቀይረዋል። ላቦራቶሪ የሚለካው መካከለኛውን፣ ከጉበት የወጣውን ነው።

የቀድሞው ግምት «ወፍራም ሰው ከቤት ስለማይወጣ ፀሐይ አያገኝም» የሚል ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000 የታተመ የቦስተን ተመራማሪዎች ሥራ ይህን ፈተነው። ወፍራሞቹንም ሌሎቹንም በእኩል ለአልትራቫዮሌት ጨረር አጋለጧቸው። ቫይታሚኑ የሚሠራበት ንጥረ ነገር በሁለቱም ወገን ቆዳ ውስጥ እኩል ነበር። ከአንድ ቀን በኋላ ግን በወፍራሞቹ ደም ውስጥ የታየው ጭማሪ በ57 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ቆዳው ሥራውን ከሠራ ቫይታሚኑ የት ገባ?

ቫይታሚን ዲ በስብ ውስጥ የሚሟሟ ነው። ተመራማሪዎቹም ስቡ ይዞ ያስቀረዋል ብለው ደመደሙ። በ2012 የወጣ ሌላ ጥናት ነገሩን ይበልጥ ቀላል አደረገው፤ ያው መጠን በሰፊ አካል ውስጥ ሲሰራጭ ይሳሳል። አንድ ማንኪያ ጨው በትንሽ ድስትና በትልቅ ድስት ውስጥ እኩል አይጣፍጥም። ለእኔ ሚዛን የሚደፋው ይህኛው ማብራሪያ ነው፤ ምንም እንኳ በአይጦች ላይ የተደረጉ ምርምሮች ውፍረት የጉበቱን ኢንዛይም ጭምር እንደሚያዳክም ቢያመለክቱም።

የምክንያትን አቅጣጫ ለመለየት ከሁሉ የረዳን ግን የዘረመል ጥናት ነው። ሰው ዘረመሉን የሚወርሰው ከመወለዱ በፊት ስለሆነ፣ አመጋገቡም ሆነ ኑሮው ሊለውጠው አይችልም። በ2013 እስከ 42,000 የሚደርሱ ሰዎችን ያካተተ ትንተና ታተመ። ለውፍረት የሚያጋልጥ ዘረመል የያዙት የቫይታሚን ዲ መጠናቸው አነስተኛ ነበር፤ ቫይታሚኑን የሚቀንስ ዘረመል የያዙት ግን ከሌሎቹ አልወፈሩም። ሙከራውም ይህንኑ ይደግፋል። ከ25,000 የሚበልጡ ሰዎች በተሳተፉበት «ቫይታል» በተባለው የአሜሪካ ጥናት፣ የሰውነታቸው ስብ የተለካው ተሳታፊዎች በየቀኑ 2,000 ዩኒት መውሰዳቸው ከማስመሰያው ክኒን የተለየ የክብደት መቀነስ አላስገኘላቸውም። በአንጻሩ፣ በሲያትል ክብደታቸውን 15 በመቶና ከዚያ በላይ የቀነሱ ሴቶች የቫይታሚን ዲ መጠናቸው ከፍ ብሏል።

«የ13 ወር ፀጋ» እያልን አገራችንን እናስተዋውቅ የነበረ ቢሆንም ጉዳዩ እኛንም ይመለከታል። በአዳማና በአካባቢዋ በተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት ዕጥረቱ በከተማ ልጆች ላይ ከገጠሮቹ እጅግ የበዛ መሆኑን፣ ከክብደት መጨመርም ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። የተጠኑት ልጆች ናቸው፤ በቢሮና በመኪና ውስጥ የሚውለው ጎልማሳም ከዚህ የተሻለ ፀሐይ ያገኛል ብዬ አልጠብቅም።

ታዲያ ለሐኪሙ ምን ይቀራል? ዕጥረቱ የአጥንት ሕመም ካስከተለ መታከም አለበት፤ ወፍራም ሰውም ያንኑ ደረጃ ለማግኘት ከፍ ያለ መጠን ሊያስፈልገው ይችላል። የኢንዶክሪን ሶሳይቲ የ2011 መመሪያ ከሌሎች ሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይል ነበር። የ2024ቱ መመሪያ ግን ለውፍረት ብቻ ተብሎ ደም በዘልማድ እንዲመረመር አይመክርም። ይህም ለእኛ ትርጉም አለው፤ ምርመራውም ክኒኑም ከታካሚው ኪስ የሚወጣ ነውና። «ያከሳል» ተብሎ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ ከፍተኛ መጠን ደግሞ በደም ውስጥ ካልሲየምን ከልክ በላይ ጨምሮ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል።

ስለ መጠኑና ስለ ክትትሉ ዝርዝር ጥያቄ እንደሚኖራችሁ እገምታለሁ፤ መድረኩን ለእናንተ እለቃለሁ።