የጠቆረው ማዕዘን

እህቶች፣ ሸማ ተራ ጠባብ ሱቅ ውስጥ ፎቶ ስናነሣ ወደ ኋላ መሸሻ የለንም፤ ስለዚህ ዋይድ ሌንስ እንጠቀማለን። ለአቧራው ዩቪ ፊልተር፣ ለመስታወቱ ነጸብራቅ ደግሞ በላዩ ፖላራይዘር ስንደርብ ግን የፊልተሮቹ ጠርዝ ሌንሱን ይጋርደውና የፎቶው ማዕዘኖች ይጠቁራሉ። የነጠላው ጥለት ያለው እኮ እዚያው ዳር ላይ ነው! ነጋዴዋ የምትከፍለን ጥለቱ እንዲታይላት ነው።

ፖላራይዘር ካስፈለገ ዩቪውን እናውልቀው። ጠርዙ ቀጭን የሆነ ፊልተር ይሻላል፤ ወይም ለ67 ሚሊሜትር ሌንስ ስቴፕ አፕ በሚባለው ቀለበት ባለ 77 ፊልተር እንግጠም፤ ባለ 77 ለሆነ ሌላ ሌንስም ያገለግለናል። 18 ላይ የጠቆረው 24 ላይ ሊጠፋ ይችላል።

ሥራ ከመጀመራችን በፊት አፐርቸሩን 11 አድርገን ነጭ ግድግዳ እናንሣ። አፐርቸሩ ሰፊ ከሆነ ሌንሱ ራሱም ዳር ዳሩን ስለሚያጠቁር ጥፋቱ የማን እንደሆነ አይለይም።