ሚኒሞ የማይዝ መኪና
(ድምፅ፦ ከፍ ዝቅ የሚል ሞተር)

አቅራቢ፦ ሐዋሳ፣ ገብርኤል አደባባይ ጋ ቅድሚያ ለመስጠት ፍሬን ስትይዙ መኪናው ድንገት ጠፋ እንበል። ቤንዚን አለ፤ ባትሪውም ደህና ነው። ያኔ ትሮትል ቦዲውን ጠርጥሩ። ወደ ሞተር የሚገባውን አየር የሚመጥነው ይህ ክፍል በካርቦንና በዘይት ሲቆሽሽ ሚኒሞው አይረጋም፤ ነዳጅ ሲረገጥም መኪናው ዘግይቶ ይነሳል። አንዳንዴ የሞተር ምልክቱ ዳሽቦርድ ላይ ይበራል።

ግን ያረጀ ካንዴላም፣ የተቀደደ የአየር ቱቦም እንዲሁ ያደርጋሉ። ስለዚህ ሳይመረምር «ይቀየር» የሚል መካኒክ አያስቸኩላችሁ፤ ብዙ ጊዜ ትሮትል ቦዲውን ማጽዳት ይበቃል። በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ግን በጣት ገፍቶ መክፈት ውስጡን ሊጎዳ ይችላል። ከጽዳት በኋላም ሚኒሞው በኮምፒውተር መስተካከል ሊፈልግ ይችላል። የአየር ፊልትሮውንም አብራችሁ እዩ፤ አቧራማ መንገድ የምትመላለሱ ደግሞ ቶሎ ቶሎ።